ሾፌሩ ታስሯል፤ ካሣውንስ ማን ይከፍላል?

ከሞጆ ተነሥቶ በአዋሽና በሚሌ አድርጎ እስከ ጋላፊ የሚዘልቀው መንገድ የአገራችን ንግድ የደም ሥር ነው። በጅቡቲ ወደብ የሚገባውና የሚወጣው ዕቃ ቀንም ሌትም ይመላለስበታል። ተሳቢ የሚጎትተው ከባድ የጭነት መኪና በየከተማው መካከል፣ በየገበያው ዳርና በየትምህርት ቤቱ ደጃፍ ያልፋል። የሠራዊቱ ቤተሰብም እንደ ማንኛውም ሕዝብ በመንገድ ዳር ይኖራል፤ ልጆቹን መንገድ አሻግሮ ወደ ትምህርት ቤት ይልካል፤ ገበያ ወጥቶ ይገባል። ስለዚህ የጭነት መኪና ያደረሰውን ጉዳት ማን ሊክስ እንደሚገባው ማወቅ ለሕግ ባለሙያ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። በተለይም ባሏ በግዳጅ ላይ ሆኖ ቤቷን ብቻዋን የምታስተዳድር እመቤት አስቀድማ ልታውቀው ይገባል።

አደጋ በደረሰ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው «ሾፌሩ ተያዘ ወይ?» የሚል ነው። ተይዟል ከተባለ ሐዘንተኛው ቤተሰብ ፍርድ ያገኘ ያህል ይጽናናል። ይህ ከሰው ባሕርይ የሚመነጭ ስለሆነ አይነቀፍም። ነገር ግን የሾፌሩ መታሰር የሟችን ልጆች አያጎርስም፤ እግሩ የተቆረጠውንም ሰው አያሳክምም። ሾፌሩ አብዛኛውን ጊዜ በወር ደመወዝና በውሎ አበል የሚተዳደር ሰው ነው፤ ለራሱ ልጆች የተረፈው ነገር የለምና ለሌላው ሊተርፍ አይችልም። አባቶች «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዳሉት፣ የካሣንም ነገር ከሥሩ መመልከት ያሻል።

ሕጋችን አንዱን አደጋ በሁለት ዓይን ይመለከተዋል። የመጀመሪያው የወንጀል ጉዳይ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል፤ አጥፊው እንደ ሾፌር ያለ፣ በሙያው የሰውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆንም ቅጣቱ ይከብዳል። ይህን ክስ የሚመሠርተው ዐቃቤ ሕግ ሲሆን ፍጻሜውም እስራትና መቀጮ ነው። መቀጮው ለመንግሥት ይገባል እንጂ ለተጎጂው አይደርስም። ሁለተኛው የካሣ ጉዳይ ነው፤ ይህንንም በፍትሐ ብሔር ችሎት መጠየቅ ያለበት ራሱ ተጎጂው ወይም ቤተሰቡ ነው። ዐቃቤ ሕግ ሁሉን ይፈጽምልናል ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ መብትን ያስቀራል። ሾፌሩ በወንጀሉ ክስ በነፃ ቢለቀቅ እንኳ የካሣው ጥያቄ አብሮ አይሞትም፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2149 የካሣውን ጉዳይ የሚመረምረው ዳኛ በዚያ ውሳኔ እንደማይገደድ ደንግጓልና።

የአርእስታችን ጥያቄ መልስም ከዚሁ ሕግ ይገኛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ዛሬም የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለንብረት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይናገራል። የነዳው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ ባለንብረቱ አያመልጥም፤ መኪናው አደጋው በደረሰበት ጊዜ ተሰርቆበት እንደነበረ ካላስረዳ በቀር። በአንቀጽ 2086 መሠረትም «እኔ ጥፋት የለብኝም»፣ «የአደጋው ምክንያት አልታወቀም»፣ ወይም «ላስቀረው አልቻልሁም» ማለት አያድነውም። የሕጉ አስተሳሰብ ግልጽ ነው፤ አደገኛ መሣሪያ በአደባባይ አሰማርቶ ትርፉን የሚሰበስብ ሰው የሚያስከትለውንም ጉዳት ሊሸከም ይገባል። ጎማው ያለቀ መኪና ማሰማራት፣ ከልክ በላይ መጫን፣ እንቅልፍ ያላገኘውን ሾፌር «ቶሎ ድረስ» እያሉ ማጣደፍ ከባለንብረቱ ቤት የሚነሣበት ጊዜ አለና። ባለንብረቱ ካሣውን ከከፈለ በኋላ ጥፋተኛውን ሾፌር ሊጠይቅ ይችላል፤ ያ ግን የሁለቱ ጉዳይ ነው፤ ተጎጂውን አያዘገየውም።

ባለንብረቱን ለይቶ ማወቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በመኪናው በር ላይ የተጻፈው የትራንስፖርት ማኅበር ስም ሁልጊዜ የባለንብረቱ ስም አይደለም። ስለዚህ የጎታቹንም የተሳቢውንም የታርጋ ቁጥር መመዝገብ፣ ሊብሬው በማን ስም እንደተጻፈም ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሁለት ተሽከርካሪዎች ተጋጭተው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ካልተረጋገጠ ደግሞ ሕጉ ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደሆኑ ይገምታል። በሚኒባስ ተሳፍሮ ሲሄድ ከጭነት መኪና ጋር በተፈጠረ ግጭት የተጎዳ መንገደኛ የሁለቱንም ባለንብረቶች ማንነት ሊይዝ ይገባል።

ስለ መድን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው፣ በ2005 ዓ.ም. የተሻሻለው የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ተሽከርካሪ ሁሉ ይህ መድን ሳይኖረው በመንገድ ላይ እንዳይነዳ ይከለክላል። የመድን ድርጅቱ በዚህ አዋጅ የሚከፍለው ገንዘብ ግን ጣሪያ አለው። ብዙ ቤተሰብ ይህን ገንዘብ ተቀብሎ ነገሩ ያለቀ መስሎት ይቀመጣል። የመድኑ ጣሪያ የካሣው ጣሪያ አይደለም፤ ጉዳቱ ከዚያ የሚበልጥ ከሆነ ቀሪውን ከባለንብረቱ መጠየቅ ይቻላል። ገጭቶ የሸሸው መኪና ሳይታወቅ ቢቀር ወይም መድን ያልገባ ሆኖ ቢገኝም፣ ለሞትና ለአካል ጉዳት ካሣ የሚከፍል የመድን ፈንድ በዚሁ አዋጅ ተቋቁሟል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው የዕርቁ ሰዓት ነው። የባለንብረቱና የሾፌሩ ወገን ለቅሶ ሊደርስ፣ ሽማግሌም ይዞ ሊመጣ ይችላል። ይህ ቂምን የሚያበርድ፣ የሚከበር ባህላችን ነው። ነገር ግን በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ሳይነሣ፣ ዕንባዋ ባልደረቀ ሴት ፊት ወረቀት ዘርግቶ «ለቀብሩ ይህን ተቀበዪና ፈርሚ» ማለት ዕርቅ ሊባል አይገባውም። በወረቀቱ ግርጌ «ከእንግዲህ የካሣ ጥያቄ አላነሣም» የሚል ቃል ካለበት ፊርማውም ሆነ የጣት አሻራው ከባድ ውጤት አለው፤ በሕጉ መሠረት የተደረገ የግልግል ስምምነት በተስማሚዎቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ይቆጠራልና። ስለዚህ «አባቶቼ፣ ይቅርታውን ተቀብያለሁ፤ የካሣውን ነገር ግን ሐዘኔን ጨርሼ፣ ሰው አማክሬ እመለስበታለሁ» ማለት ነውር የለበትም። ይቅር ማለት ሌላ፣ ካሣን መተው ሌላ ነው። ለሕክምና ወይም ለቀብር የተሰጠ ገንዘብ ካለም ለምን እንደተሰጠ በወረቀቱ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

ሰው የሞተ እንደሆነ በአንቀጽ 2095 መሠረት ካሣ ሊጠይቁ የሚችሉት የትዳር ጓደኛው፣ ወላጆቹና ልጆቹ፣ እንዲሁም ከወላጆች በላይና ከልጆች በታች የሚቆጠሩት ናቸው። ወንድምና እኅት በሟቹ እጅ ይተዳደሩ የነበሩ ቢሆኑም በዚህ ድንጋጌ ተጠቃሚ አይደሉም። ልጆቹም ከእናታቸው ያልተቀላቀለ የራሳቸው መብት ያላቸው በመሆኑ በእናት ሐዘን ምክንያት ሊቀርባቸው አይገባም። ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሣ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ወስኗል፤ ስለዚህ የካሣው ክብደት ያለው በታጣው ገቢና በወጣው ወጪ ላይ ነው። እነዚህንም የሚያስረዳው ዕንባ ሳይሆን ወረቀት ነው፦ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርትና የአደጋው ፕላን፣ የሐኪም ማስረጃ፣ የመድኃኒትና የአልጋ ደረሰኝ፣ የደመወዝ ማስረጃ፣ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት፣ አደጋውን ያዩ ሰዎች ስምና አድራሻ።

ጊዜም እንደ ማስረጃ ሁሉ ይጠፋል። የካሣ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ እንዳለበት አንቀጽ 2143 ይደነግጋል። ድርጊቱ ከዚያ የረዘመ ይርጋ ያለው ወንጀል ሲሆን ጊዜው ሊረዝም ቢችልም፣ በዚህ ተማምኖ መዘግየት ብልኅነት አይደለም። «ባለቤቴ ከግዳጅ ሲመለስ ይሆናል» እየተባለ የሚታለፈው ወር ከዚሁ ከሁለቱ ዓመት ላይ ይቆረጣል።

ሕጉ ለተጎጂው እንዲህ ቢያደላም ለግዴለሽነት ዋስ አይሆንም። አደጋው የደረሰው በተጎጂው ጥፋት ብቻ ከሆነ ባለንብረቱ ነፃ ይወጣል፤ ተጎጂው በከፊል ካጠፋም ካሣው ይቀነሳል። ለፈቃድ ወጥቶ ወደ ቤቱ ሲጣደፍ በጭነት መኪና ላይ በነፃ የሚሳፈር ወታደርም ይህን ልብ ይበል፤ ያለ ክፍያ የተጫነ ሰው ከላይ የተባለውን ሰፊ ጥበቃ አያገኝም፤ የጫነውን ሰው ጥፋት ማስረዳት ይኖርበታል።

ሐዘን በገባበት ቤት ረጋ ብሎ የሚያስብ ሰው አይገኝም። ስለዚህ ባልና ሚስት በደኅናው ቀን ይህን ተነጋግረው ምስክር ወረቀቶቻቸውን በአንድ ቦታ ቢያኖሩ መልካም ነው። የሞተ ሰው በዕርቅም በካሣም አይመለስም። ሆኖም ልጆቹ ከትምህርት ገበታ እንዳይነሡ የሚያደርገው ገንዘብ ምጽዋት አይደለም፤ ሕግ የቆረጠላቸው ድርሻቸው ነው። «በሕግ አምላክ» ብሎ ድርሻን መጠየቅ ደግሞ ማንንም አያሳፍርም።