«ደስ ይለኛል» በእስፓኝኛ

እስፓኝኛ ለአንዳንድ ቤቶቻችን እንግዳ ቋንቋ አይደለም። ከ1969-70 ዓ.ም. የኦጋዴን ጦርነት በኋላ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኩባ ውስጥ፣ የወጣቶች ደሴት በተባለችው ስፍራ፣ ተምረዋልና። ቋንቋውን ዛሬ ለሚጀምሩ እናቶችና ሠራተኞችም ከሰላምታ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ደስ የሚላቸውንና የማይላቸውን መናገር ነው።

ጀማሪ የሚሰናከለውም እዚሁ ላይ ነው። በአማርኛ «ቡና እወዳለሁ» ማለት ስለተለመደ ለ«እወዳለሁ» አቻ ቃል ይፈለግና «ዮ ጉስቶ ካፌ» ይባላል። ይህ አነጋገር ልክ አይደለም። እስፓኝኛ የሚሄደው በ«ደስ ይለኛል» መንገድ ነው። «ሜ ጉስታ ኤል ካፌ» ሲባል ደስ የሚያሰኘው ቡናው ነው፤ ተናጋሪዋ ደስታው የሚደርሳት ናት። በእንግሊዝኛ በኩል ለሚማር ሰው ይህ ግራ ያጋባል፤ ለእኛ ግን ከአፋችን የማይጠፋ ነው። ደስ ይለኛል «ሜ ጉስታ»፣ ደስ ይልሃል ወይም ይልሻል «ቴ ጉስታ»፣ ደስ ይለናል «ኖስ ጉስታ» ነው። ለእሱም ለእሷም «ሌ ጉስታ» ይባላል፤ ትልቅ ሰው በአክብሮት «ደስ ይልዎታል?» ተብሎ ሲጠየቅም ይኸው «ሌ ጉስታ» ነው። ላለመውደድ ከፊቱ «ኖ» ማለት ይበቃል።

አንድ ልዩነት አለ። እኛ «ብርቱካን ደስ ይለኛል» ስንል ብዛቱ አያስጨንቀንም። እስፓኝኛ ግን ይቆጥራል፤ «ሜ ጉስታን ላስ ናራንሃስ» ይላል። መዝፈንና መጨፈር ሁለት ሥራ ቢሆኑም ደግሞ «ሜ ጉስታ ካንታር ኢ ባይላር» ተብሎ በነጠላ ይቀራል። ለምን ቢባል መልመድ ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም!

ሴቶች በተለይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ስለ ሥራ ባልደረባዋ መልካምነት ልትናገር ፈልጋ «ሜ ጉስታ» ያለች ሴት፣ ልቤ እሱ ላይ ነው እንዳለች ሊቆጠርባት ይችላል። ስለ ጎረቤት ባል ከሆነማ የሚከተለውን ሐሜት መዘርዘር አያስፈልግም። ሰውየው ጥሩ ነው፣ ተስማምቶኛል ለማለት «ሜ ካኤ ቢየን»፣ ላልተስማማን ሰው «ሜ ካኤ ማል» ይባላል። በመዝገበ ቃላት «እጠላለሁ» የሚል ፍች ያለው «ኦዲዮ» ከባድ ቃል ስለሆነ ለጀማሪ ባይቸኩሉበት ይሻላል።

በሰው ማዕድም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጋባዧ ደክማ ባቀረበችው ምግብ ላይ «ኖ ሜ ጉስታ» ማለት፣ በእኛ አገር «አልወድም» እንደ ማለት ቅር ያሰኛል። «ግራሲያስ፣ ኤስቶይ ዬና»፣ አመሰግናለሁ፣ ጠግቤአለሁ ማለት ይቻላል፤ ወንድ «ዬኖ» ይላል። ሕፃን ይሉኝታ አያውቅምና ሳይቀምስ «ኖ ሜ ጉስታ» ቢል እናቱ «ፕሩዌባሎ»፣ ቅመሰው፣ ትለዋለች።

ይኸው አሠራር ለሕመምም ያገለግላል። «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» ራሴን ያመኛል ነው። ልጅ ሆዱን ይዞ ሲያለቅስ «ቴ ዱዌሌ?»፣ ያምሃል?፣ ብሎ መጠየቅ መቻል ከብዙ የሰዋስው ሕግ ይበልጣል።

ለልምምድ የቡና ሰዓት ጥሩ ነው። አንዷ ደስ የሚላትን ስትናገር ሌላዋ «አ ሚ ታምቢየን»፣ እኔንም፣ ወይም «አ ሚ ኖ»፣ እኔን አይለኝም፣ ትበል። የመጀመሪያዋ የማይላትን ከተናገረች ግን «ታምቢየን» አይሆንም፤ መልሱ «አ ሚ ታምፖኮ» ነው።