ሠዓሊው እስኪሞት መጠበቅ

ከአምስት ኪሎ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው በአንድ መንገድ አራት ሙዚየሞችን ያገኛል። አምስት ኪሎ ላይ ብሔራዊ ሙዚየም አለ። ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ይገኛል። እዚያው ስድስት ኪሎ የገብረ ክርስቶስ ደስታ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ። ሽሮ ሜዳን አልፎ ዳገቱን ለጨረሰ ደግሞ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ በጫኑበት በእንጦጦ ማርያም፣ የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌ ጣይቱ መገልገያዎች የሚታዩበት ሙዚየም ይጠብቀዋል። ልጆቹን ይዞ የሚወጣ አባት ሉሲን ያሳያል፤ የጃንሆይን መኝታ ቤት ያሳያል፤ የምኒልክን ቤት ያሳያል። የሚዘለው አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው ነው፤ የሥዕሉ።

አባትየው ብቻውን አይደለም። ትምህርት ቤቱም፣ ባለሥልጣኑም፣ አስጎብኚውም የሚጋሩት አንድ አስተሳሰብ አለ፦ ሙዚየም የጥንት ዕቃ ማስቀመጫ ነው፤ በሕይወት ያለ ሠዓሊ ሥራ ግን የግል ጉዳይ ነው፤ ገንዘብ ያለው ይግዛው፣ የወደደም ቤት ይክፈትለት። ይህ አስተሳሰብ ስህተት ነው። አገሪቱንም ብዙ አስከፍሏታል።

ምን ያህል እንዳስከፈላት ለማወቅ የራሱን የገብረ ክርስቶስን ታሪክ ማየት ይበቃል። ሐረር ተወልዶ፣ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ፣ በአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተማረ ሰው ነበር። በደርግ ዘመን አገሩን ጥሎ ወጣ፤ በ1973 ዓ.ም. አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ። ጀርመን የቀሩት ሥዕሎቹ በጀርመን መንግሥት በኩል አዲስ አበባ ገብተው፣ ስሙን የያዘው ሙዚየም በ2000 ዓ.ም. ሲከፈት 27 ዓመት አልፎ ነበር። ሥራዎቹን ጠብቆ ያቆየው ባዕድ አገር ነው።

የሠዓሊው የእስክንድር ቦጎሲያን ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከሠራቸው ታላላቅ ሥዕሎች አንዱ ኒው ዮርክ በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ሌላው በሰሜን ካሮላይና ሙዚየም ይገኛል። የጉለሌ ወጣት የአገሩን ሰው ሥዕል በዓይኑ ለማየት መጀመሪያ ቪዛ ማግኘት አለበት። የአፈወርቅ ተክሌ ቤትና ስቱዲዮ የነበረው ቪላ አልፋም፣ ሠዓሊው በ2004 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ በሩ ለዓመታት ተዘግቶ ቆይቷል።

መንግሥት በተወው ቦታ የገቡት ግለሰቦች ናቸው። ከሁሉም ጎልቶ የሚታየው ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና የሥነ ጥበብ ባለሙያዋ መስከረም አሰግድ ለዓመታት ለፍተው መካኒሳ አካባቢ በ2011 ዓ.ም. የከፈቱት ዞማ ሙዚየም ነው። ቤቶቹ የቆሙት በገጠሩ ሰው ዘዴ፣ በእንጨትና በጭድ በቦካ ጭቃ ነው። ግድግዳው ላይ በእጅ የወጡት ጥምዝምዝ መስመሮች ጭቃ ምን ያህል ውበት እንደሚሸከም ያሳያሉ፤ ብሎኬትና መስታወት ብቻ ሥልጣኔ ለሚመስለው ከተማ ይህ ትልቅ መልስ ነው። ኤልያስ የጣለነውን ያነሳል። ከመርካቶ ምናለሽ ተራ የተገዛ የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ የኪቦርድ ቁልፍ፣ ባለቀለም የኤሌክትሪክ ሽቦ ይሰበስባል። ሽቦውን ጎንጉኖ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ይቸነክረዋል። ከሩቅ ሲታይ ከአውሮፕላን የተነሳ የእርሻ ማሳ ይመስላል፤ ጠጋ ሲሉት አንድ አንዱ ሽቦ ከየት መጥቶ የት እንደሚሄድ መከተል ይቻላል።

እንዲህ ያለው ሥራ ፊት ብዙ ጎብኚ ጀርባውን ሰጥቶ ፎቶ ይነሳል። ግቢው ያምራል፣ አትክልቱ ያምራል፣ ማኪያቶው ይጠጣል፤ ሥራው ግን ሳይታይ ይቀራል። ለምን ሲባል መልሱ «ዘመናዊ ሥዕል አይገባንም፣ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ነው። አይገባንም የሚለው ሰው ግን ቅዳሜ ሽሮ ሜዳ ይሂድ። እዚያ አንዲት እናት ለልጇ ሠርግ ጥበብ ስትመርጥ ነጠላውን ወደ ብርሃኑ አውጥታ፣ ቀዩ ከወርቃማው ጋር ጠብ ፈጥሯል ብላ መልሳ ታስቀምጣለች። ስለ ቀለም፣ ስለ ጥለት ስፋት፣ ስለ ክሩ ጥራት ከሸማኔው ጋር ግማሽ ሰዓት ትከራከራለች። ይህ ዓይን የሠለጠነ ዓይን ነው። የኤልያስን ሽቦ ለማንበብ ከዚህ የተለየ ዓይን አያስፈልግም። የጎደለው፣ «ይህም ያንቺ ነው፣ እንዳሻሽ ፍረጂው» ብሎ የሚጋብዛት ነው።

የግል ሙዚየም መኖሩ ደግሞ መንግሥትን ነጻ አያወጣም። ብዙዎች የሚያደንቁት የኬፕታውኑ ዛይትዝ ሙዚየም እንኳ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲከፈት ዋናው ስብስቡ የአንድ ጀርመናዊ ባለሀብት ንብረት፣ በረጅም ጊዜ ውሰት የመጣ ነበር። ሙዚየሙ ግን ቢያንስ ለአፍሪካ ዜጎች በሳምንት አንድ ጠዋት በሩን በነጻ ይከፍታል። ቤኒን ውስጥ የዚንሱ ፋውንዴሽን ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተማሪዎችን ሳያስከፍል ያስተናግዳል። እኛ ጋ ግን የግሉ ጥረት ራሱ መሬቱ የረጋ አይደለም። ከእንጦጦ ግርጌ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን መናፈሻ ውስጥ ወጣት ሠዓሊዎችን የሰበሰበው «ነጻ የሥነ ጥበብ መንደር» ዛሬ የለም። የተወዛዋዡ የመላኩ በላይ ፈንድቃ የባህል ማዕከል፣ ሙዚቃውና የሥዕል ጋለሪው ከነበሩበት ከካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በመልሶ ማልማት ፈርሷል። በአንጻሩ እንጦጦ ላይ ፈረስ ግልቢያና ካፌ ያለው ሰፊ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ ስለዚህ አቅም የለም የሚለው ምክንያት አያስኬድም።

ሕጉም ሰበብ አይሆንም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የቅርስን ትርጉም ሲያስቀምጥ የጥበብ ዋጋ ያለውን የሰው የፈጠራ ውጤት ጨምሮ ነው። ሠዓሊው ተስፋዬ ኡርጌሳ እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም አቀፉ የቬኒስ ቢየናሌ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርዕይ፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ፓቪሊዮን ሥራውን ሲያቀርብ ዓለም አይቶታል፤ ከዚያ በፊት ግን ሥራውን የገዛ የአገሩ ሙዚየም የት ነው? የአንድ ሠዓሊ ሥራ በወጣትነቱ ሲገዛ ርካሽ ነው፤ ሰውየው ሲሞት ደግሞ ከውጭ ለመመለስ ዕርዳታ ይለመናል።

ስለዚህ ብሔራዊ ሙዚየም በየዓመቱ፣ ትንሽም ቢሆን፣ በሕይወት ካሉ ሠዓሊዎች ሥራ የሚገዛበት በጀት ይያዝለት። ለዞማና ለመሰሎቹ የይዞታ ዋስትና ይሰጣቸው፤ እነሱም በምላሹ ለተማሪ በነጻ ይክፈቱ። የከተማው ትምህርት ቢሮ ደግሞ ከሁሉም የቀለለውን ዛሬውኑ ማድረግ ይችላል፦ ተማሪዎቹን ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወስደው አውቶቡስ የግድ በስድስት ኪሎ ያልፋል፤ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ደጃፍ ላይ አንድ ሰዓት ይቁም።