ድልድዩ ቢፈርስ ስሙ አይፍረስ

ከጎተራ ወደ ሳሪስ በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት ቡና ቤቶች ወደ አንዱ የገባ ሰው፣ ከግድግዳው ላይ አንድ ያረጀ ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ያያል። በፎቶግራፉ ውስጥ ከድንጋይ የተሠራ ድልድይ አለ፤ በድልድዩ ላይ ነጭ የለበሱ ሰዎች ከነበቅሎዎቻቸው ቆመዋል፤ ከሥሩ ወንዝ ይፈሳል። ከግርጌው «ጥንታዊት አዲስ አበባ» የሚል ጽሑፍ ብቻ ይነበባል። ወንዙ የትኛው ነው? ድልድዩስ? በስንት ዓመተ ምሕረት ተነሣ? ማንስ አነሣው? ብለን ብንጠይቅ ባለቤቱ «እንጃ፣ ከገበያ የገዛሁት ነው» ይሉናል። እሳቸውን አንወቅስም፤ ግድግዳቸውን አስጊጠዋል። የምንወቅሰው ማወቅና ማሳወቅ ሥራችን የሆነውን እኛን ራሳችንን፣ ማለት የመንግሥት ሠራተኞችን፣ መምህራንንና ተማሪዎችን ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ጀምሮ የወንዞች ከተማ ናት። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔ፣ ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከሰሜኑና ከምዕራቡ ተራሮች እየወረዱ ሰፈርን ከሰፈር ይከፍላሉ። ድልድይ ባልነበረበት ዘመን ክረምት በገባ ቁጥር ጎረቤት ከጎረቤት ተለያይቶ ይቆይ ነበር። ስለዚህ የቀበና ድልድይም ሆነ በአራዳ የሚገኘው የራስ መኮንን ድልድይ የድንጋይ ክምር ብቻ አይደሉም፤ ተበታትኖ የሰፈረውን ሕዝብ አንድ ከተማ ያደረጉ ማሰሪያዎች ናቸው። የከተማይቱ ታሪክ የድልድዮቿ ታሪክ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ይህም ታሪክ በፎቶግራፍ ሳይቀረጽ አልቀረም። በቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺነት የታወቁት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቻቸው የዘመኑን ከተማ አንሥተዋል። በ1871 ዓ.ም. ወደ ሸዋ የመጡትና በአዋሽ ላይ ድልድይ የሠሩት የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግም ብዙ ፎቶግራፍ ትተው አልፈዋል፤ እነዚያ ፎቶግራፎች ዛሬ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም በክብር ተቀምጠዋል። በአገራችንም በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የሚችሉትን ሰብስበው ይጠብቃሉ። ይሁን እንጂ ሁለት ተቋሞች የአንድን ከተማ ሁሉ ትዝታ ብቻቸውን ሊሸከሙ አይችሉም። የቀረው በየቤቱ ሣጥንና በየመሥሪያ ቤቱ መጋዘን፣ ጀርባው ባዶ ሆኖ፣ ሥጥ የሚበላበትን ቀን ይጠብቃል።

አንዳንድ ሰዎች «ፎቶግራፉ ካለ ጽሑፉ ምን ያደርጋል? ዐዋቂ አይቶ ይለየዋል» ይላሉ። በእርግጥ ዐዋቂ ሰው ፎቶግራፍን እንደ መዝገብ ያነባል። ከድልድዩ በስተጀርባ ያለው ኮረብታ ራቁቱን ከታየ፣ ፎቶግራፉ ባሕር ዛፍ ሳይስፋፋ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም ይላል፤ ባሕር ዛፍ ወደ አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ነውና። በድልድዩ ላይ አውቶሞቢል ካየ፣ ከ1900 ዓ.ም. በፊት እንዳልሆነ ይረዳል። ውሃው እንደ ተነደፈ ጥጥ ነጥቶ ሲታየው፣ የጥንቱ መሣሪያ ብርሃን ለመቀበል ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልግ እንደ ነበር ያስታውሳል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ግምት ነው። የመስተዋቱ ነጋቲቭ ተገልብጦ የታተመ እንደ ሆነ ግራው ዳርቻ ቀኝ፣ ቀኙም ግራ ይሆናል፤ ዐዋቂውም ከነዕውቀቱ ይሳሳታል። ከጀርባው በእርሳስ የተጻፈች አንዲት መስመር ብትኖር ግን ይህ ሁሉ ድካም ባላስፈለገ ነበር። ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ መባሉ ስለዚህ ነው።

ሌሎች ደግሞ «ሕዝቡ ቤትና ውሃ ሲያስፈልገው የአሮጌ ድልድይ ፎቶግራፍ ቅንጦት ነው» ሲሉ ይሰማሉ። ለእነዚህ የሰባራ ድልድይን ታሪክ እንነግራቸዋለን። ጎጃምንና ቤጌምድርን የሚያገናኘው ይህ ጥንታዊ የዓባይ ድልድይ ወገቡ ተቆርጦ ስለ ነበረ፣ መንገደኛው በገመድ ታስሮ ከወዲያና ከወዲህ በሚስቡት ሰዎች ጉልበት ገደሉን ይሻገር ነበር። በ1993 ዓ.ም. ኬን ፍራንዝ የተባሉ አሜሪካዊ ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ «ናሽናል ጂኦግራፊክ» በተባለው መጽሔት አዩ፤ ወዳጆቻቸውን አስተባብረው በ1994 ዓ.ም. የተቆረጠውን ወገብ አስቀጠሉት። በኋላ ጎርፍ ቢወስደውም በዚያው አካባቢ የመንጠልጠያ ድልድይ ተተከለ። ልብ እንበል፤ ፎቶግራፉ ከነስፍራው የታወቀ ባይሆን ኖሮ እኚያ ሰው አዝነው ገጹን ይገልጡት ነበር እንጂ ወደ የትኛው ገደል ይመጡ ነበር? ስሙ የታወቀ ፎቶግራፍ ድልድይ አሠራ። ይህ ቅንጦት ነውን?

እኛም ከወቀሳው ነጻ አይደለንም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ከሕንጻ ወደ ሕንጻ ሲዛወር፣ የመንገድና የድልድይ ሥራ ፎቶግራፎች የሞሉባቸው ሁለት ካርቶኖች ተገኙ። ጀርባቸው ባዶ ስለ ነበረ በዝርዝሩ ላይ «ምንነቱ ያልታወቀ ወረቀት» ተብለው ከሚወገደው ዕቃ ጋር ተጫኑ። ዝርዝሩን ከጻፉት መካከል እኛም ነበርን። ዓመት ሳይሞላ ከትንሹ አቃቂ ዳር የሚኖሩ አንድ አዛውንት መጡ፤ «ልጆቼ፣ የክረምቱ ውሃ በድሮው የእንጨት ድልድይ በኩል እስከ የት ይደርስ እንደ ነበር የሚያሳይ ፎቶግራፍ እናንተ ዘንድ አለ ይባላል፤ አጥሬን ወንዙ ሊወስደው ነው፣ ድንበሩን ለመሐንዲሱ ላሳየው» አሉን። «የለም አባቴ» ብለን ሸኘናቸው። መልሳችን እውነት ነበር፤ እንዳይኖር ያደረግነው ግን እኛው ነን። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የደረሰው ድንገተኛ ጎርፍ የሰው ሕይወት ባጠፋ ጊዜ እኚያን አዛውንት አስታወስናቸው። የወንዝን የቀድሞ ወሰን የሚመሰክር ፎቶግራፍ ለጌጥ ብቻ የሚፈለግ አለመሆኑን ያን ጊዜ ተረዳነው።

ይህን ስንል ልማትን መቃወማችን አይደለም። በ2011 ዓ.ም. 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት የታሰበው ሥራ ተጀመረ፤ በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲጀመር ደግሞ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ፈረሱ። ከተማ ይታደሳል፤ ጠባብ ድልድይም ለሰፊው ቦታውን ይለቃል። የምንቃወመው ሳይመዘግቡ ማፍረስን ነው። ከፈረሰ በኋላ «ያ ድልድይ እንዴት ያምር ነበር!» እያሉ ማልቀስ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ደግሞም የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነውና፣ በሕይወት ሳለ ዘወር ብለን ያላየነውን ድልድይ ከፈረሰ በኋላ ከመጠን አሳልፈን እናወድሰዋለን፤ ይህም ራሱ ታሪክን ማበላሸት ነው።

«ዛሬ ሁሉም ሰው በስልኩ ያነሣል፤ ምን ያሳስባችኋል?» የሚሉንም አሉ። የሚያሳስበን ይኸው ነው። አያቶቻችን ጥቂት አንሥተው ጥቂት ጻፉ፤ እኛ እጅግ ብዙ አንሥተን ምንም አንጽፍም። ስልኩ ሲሰበር ፎቶግራፉ አብሮ ይጠፋል፤ ቢተርፍም ከመቶ ዓመት በኋላ የልጅ ልጆቻችን እንደዚያ ቡና ቤት «ጥንታዊት አዲስ አበባ» ብለው ይሰቅሉታል።

የምንጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር አይደለም። አንድ ድልድይ ሊፈርስ ወይም ሊታደስ ሲል፣ ውሉ ከመፈረሙ በፊት፣ ከላይ፣ ከታች፣ ከወለሉና ከመሠረቱ በኩል አራት ፎቶግራፍ ይነሣ። በየፎቶግራፉም የወንዙ ስም፣ ስፍራው፣ ቀኑ፣ ድልድዩን የሠራው፣ ፎቶግራፉን ያነሣውና የፈረሰበት ምክንያት ይጻፍ። አንዱ ቅጂ ከውሉ ጋር ይያያዝ፣ ሁለተኛው ለቤተ መዛግብት ይላክ። በየቤቱ ያለውም ተለምኖ ይቀዳ፤ ዋናው ለባለቤቱ ይመለስ። መምህራንም ተማሪዎቻቸውን በየሰፈራቸው ወዳለው ድልድይ ልከው ስሙን ከሽማግሌ አፍ ያስጽፉ። ለዚህ የሚያስፈልገው እርሳስና ጥቂት ትጋት ነው።

የምንኖርበት ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ፣ በነፋስ፣ ቃል ያስተላልፍ ከነበረው ጣቢያ ነው። ዘመኑ አለፈ፣ መሣሪያውም ተለወጠ፤ ዛሬም ግን ታክሲ ረዳቱ «ንፋስ ስልክ!» ብሎ በጮኸ ቁጥር ሳያውቀው ታሪክ ይናገራል። ስም ዕቃው ከጠፋ በኋላ ይህን ያህል ይኖራል። ስሙ የጠፋበት ፎቶግራፍ ግን እፊታችን ተሰቅሎ ሳለ ጠፍቷል። እንግዲህ ዛሬ ማታ ወደ ቤታችን ስንገባ ሣጥናችንን እንክፈት፤ እናቶቻችንና አባቶቻችን በሕይወት ሳሉ «ይህ ድልድይ የቱ ነው?» ብለን እንጠይቃቸው፤ የነገሩንንም ከጀርባው እንጻፈው።