እህሉ ተሻገረ፣ ጥበቡ ቀረ

ቶርቲላ ዛሬ ታኮ የሚሸጥበት ከተማ ሁሉ የሚያውቀው የሜክሲኮ ቂጣ ነው። ሲወደስ ግን ስሙ የሚነሳው ከላዩ ላይ በሚጨመረው ሥጋ፣ ቃሪያና አቮካዶ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ የቶርቲላ ትልቅነት በቆሎው በሚቀቀልበት የኖራ ውሃ ውስጥ ነው ያለው።

በቆሎ የዛሬ 9,000 ዓመት ገደማ በሜክሲኮ ባልሳስ ወንዝ ሸለቆ ቴኦሲንቴ ከተባለ የዱር ሣር ተላምዶ የተገኘ እህል ነው። አንድ ብርቱ ጉድለት ግን አለበት። በውስጡ ያለው ናያሲን የተባለ ቫይታሚን ታስሮ ስለሚቀመጥ ሰውነታችን ሊጠቀምበት አይችልም። የሜሶአሜሪካ (የሜክሲኮና የአካባቢዋ) ሕዝቦች መድኃኒቱን ያገኙት ከ3,000 ዓመት በፊት ነው። በቆሎውን በኖራ ውሃ ቀቅለው ያሳድሩታል፤ ገለፈቱን አጥበው ያስወግዳሉ፤ ርጥቡን በድንጋይ ወፍጮ ፈጭተው በጋለ ምጣድ ይጋግሩታል። በኖራ የተቀቀለውን በቆሎ ኒክስታማል ይሉታል። ኖራው የታሰረውን ቫይታሚን ይፈታል፣ ካልሲየም ይጨምራል፣ ሊጡንም ያያይዘዋል።

ስፔናውያን እህሉን ወደ አውሮፓ ሲወስዱ ይህን ሙያ ትተውት ሄዱ። ውጤቱ አስከፊ ነበር። በ1735 እ.ኤ.አ. ጋስፓር ካሳል የተባለ ሐኪም በስፔን አስቱሪያስ፣ በቆሎ ዋና ምግባቸው በሆነ ድሆች ላይ ቆዳ የሚያቆስል በሽታ አየ፤ ኋላ ፔላግራ ተባለ። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገደለ። አሜሪካዊው ሐኪም ጆሴፍ ጎልድበርገር ከ1914 ጀምሮ ባደረገው ምርምር የበሽታው ምንጭ ተዋሲ ሳይሆን የምግብ ጉድለት መሆኑን አሳየ፤ ናያሲን መድኃኒቱ መሆኑ የታወቀው ግን በ1937 ነው።

የሚያንገበግበው፣ በዚያው ዘመን የሜክሲኮ ልሂቃን ቶርቲላን ይንቁት ነበር። ከእነሱ አንዱ ፍራንሲስኮ ቡልነስ በ1899 ባሳተመው መጽሐፍ የሰውን ዘር በስንዴ፣ በሩዝና በበቆሎ በሊታ ከፍሎ እድገትን ለስንዴ በሊታው ብቻ ሰጠ። የገበሬውን ድህነት ከመሬት ነጠቃ ይልቅ በሚበላው እህል ማሳበብ ቀላል ነበር።

ንቀቱ አልፎ ዝና መጣ፤ ዝናውም የራሱ ዕዳ አለው። በ1949 የተመሠረተው የሜክሲኮው ግሩማ ኩባንያ የተዘጋጀ የኒክስታማል ዱቄት አስፋፋ። ይህን ማውገዝ አይገባም፤ ሴቶች ጎህ ሳይቀድ ተንበርክከው ለሰዓታት ይፈጩ ነበርና ማሽን ያሳረፈው የእነሱን ወገብ ነው። ነገር ግን ዱቄቱ ገበያውን በያዘ ቁጥር የየአካባቢውን ዘር የሚያለማው ገበሬ ገዢ ያጣል። በ2007 የቶርቲላ ዋጋ ሲንር በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በሜክሲኮ ሲቲ አደባባይ ወጡ፤ የዕለት ቀለባቸው ከእጃቸው እየወጣ ነበርና።

ስለዚህ ቶርቲላን የሚያደንቅ ሰው አስቀድሞ ሙያውን ያክብር፤ ለአካባቢው ዘርና ለገበሬውም ተገቢውን ዋጋ ይክፈል። በቆሎ በሰፊው የምታመርተውን ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ ምርጥ ዘር የሚያከፋፍል ሀገር ሁሉ እህሉ እንዴት ቢበላ ሰውን እንደሚያጠነክር አብሮ ያስተምር። ዘር ያለ ሙያው ሲሻገር ምን እንደሚያመጣ አስቱሪያስና ደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች በሕይወት ዋጋ አይተውታል።