ክላክሱ ዝም ሲል

አገር ቤት ክላክስ የሹፌር ምላስ ነው። እዚህ ብዙም ስለማይነካ፣ መሞቱ የሚታወቀው በምርመራ ቀን ነው። በቨርጂኒያ ሕግ ድምፁ ቢያንስ 200 ጫማ (60 ሜትር ያህል) ርቆ መሰማት አለበት፤ አለበለዚያ መኪናው አያልፍም። ታክሲ የምትነዱ ወገኖች የአንድ ቀን ሥራ መቅረት ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት ፊውዙን እዩ። ደህና ከሆነ ሪሌውን አንድ ዓይነት ቁጥር ባለው ሌላ ሪሌ ለውጣችሁ ሞክሩ። አሁንም ዝም ካለ የክላክሱን ሽቦ ንቀሉና፣ ፊውዝ ባለው ሽቦ ከባትሪው በቀጥታ ኤሌክትሪክ ስጡት። ከጮኸ ጥፋቱ የሽቦው ወይም የመሪው ነው። መሪውን ግን አትፍቱ! ውስጡ ኤርባግ አለና ለባለሙያ ተዉት። ካልጮኸ ክላክሱ ራሱ ሞቷል፤ ይለወጣል።

ጣጣው መፍታቱ ላይ ነው። ክላክስ ከፊት ስለሚቀመጥ በበረዶ ወራት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ቡሎኑን ይበላዋል። በጉልበት አትታገሉት፤ ራሱ ይላጫል። በሽቦ ብሩሽ ጠርጋችሁ፣ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ነፍታችሁበት ይደር። ጠዋት ባለ 12 ጥርሱን ሳይሆን ባለ 6 ጎኑን ቁልፍ ያዙ። መጀመሪያ ጥቂት አጥብቁ፣ ከዚያ ፍቱ፤ ዝገቱ የሚሰበረው ወዲያ ወዲህ ሲባል ነው። ራሱ አስቀድሞ ከተላጨ ትንሽ ጠበብ ያለ ቁልፍ በመዶሻ መትታችሁ አስገቡበት። በእሳት የሚያሞቁ አሉ፤ ራዲያተርና ሽቦ አጠገብ ግን አንመክርም።

አዲሱን በአዲስ ቡሎን እሰሩት፣ ጥርሱንም ግሪስ ቀቡት። የሚያርፍበትን ብረት እስኪያብለጨልጭ ፈግፍጉ፤ ባለ አንድ ሽቦ ክላክስ ኔጌቲቩን የሚያገኘው በዚያ በኩል ነው።