የጀሪካኑ ክዳን

ባለፈው ሳምንት የአምስት ዓመቷ ልጄን ተቅማጥ ያዛት። ከቦቴ የገዛነውን ውሃ ጠረጠርኩ። ልጆቼ «አዬዮ» የሚሏቸው ሶማሌዋ ጎረቤታችን ግን መጀመሪያ ያዩት በርሜላችንን ነበር። ክዳን የለውም፤ መቅጃውም መሬት ላይ ወድቋል። «ንጹሕ ሆኖ ቢመጣም እናንተ ቤት ይቆሽሻል» አሉኝ። አፈርኩ።

አዬዮ የውሃን ዋጋ የተማሩት ቀብሪበያህ ነው። ከጅግጅጋ 50 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በዚህች ከተማ፣ የሶማሊያን ጦርነት ለሸሹ ሰዎች መጠለያ የተከፈተው እንደ አውሮፓውያን በ1991 ነበር። ኋላ ከጀረር ሸለቆ በቧንቧ የመጣው ውሃ ለስደተኛውም ለከተማው ሰውም ሆነ።

በአደጋ ጊዜ እንኳ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር እንዲደርሰው ዓለም አቀፍ መመዘኛ አለ። ለአምስት ቤተሰብ አራት ጀሪካን ገደማ ማለት ነው። ውሃ ሲያጥር ከልብስ አጠባ እንቀንስ፤ ከእጅ መታጠቢያ ግን አንቀንስ።

ልጄ ከጤና ጣቢያ የተሰጣትን ኦአርኤስ ጠጥታ ድናለች። አሁን የመጠጡን ውሃ አፍልተን፣ አፉ ጠባብ በሆነ ጀሪካን ለይተን እንከድናለን። አዬዮ ዛሬም ሲገቡ ከሰላምታ በፊት የሚያዩት ክዳኑን ነው።