ጠብታ የማይደርስበት የጆሮ ጩኸት



በመድኃኒት ቤት ሥራዬ ከሚደጋገሙብኝ ጥያቄዎች አንዱ «ለጆሮ ጩኸት የሚሆን ጠብታ አለ?» የሚለው ነው። ጩኸቱን አንዱ የፌንጣ ድምፅ ይለዋል፣ ሌላው ጣቢያ የጠፋበት ሬዲዮ፣ ሌላዋ ደግሞ ከሩቅ የሚሰማ ወፍጮ። ባለፈው ከልጃቸው ጋር የመጡ አንድ አባት ግን ጠብታውን ከመጠየቃቸው በፊት እንዲህ አሉኝ፦ «ሐኪሙ አይቶኝ ጆሮዎ ንጹሕ ነው አለኝ። ቤት ስገባ ልጆቼ ይመስልዎታል እንጂ ምንም የለም ይሉኛል። ታዲያ ሌሊቱን ሙሉ የሚጮኸው ማን ነው?»

ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ሐኪሙም እርሳቸውም አልዋሹም። የሁለቱም ቃል እውነት ሊሆን የሚችልበትን ምክንያት በደንብ ያሳዩን የአንጎልን ሥራ በምስል የሚያነሱ መሣሪያዎች ናቸው።

የጆሮ ጩኸት፣ በሕክምና ስሙ ቲኒተስ፣ ከውጭ የሚመጣ ድምፅ ሳይኖር ድምፅ መስማት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ አንድ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ በዓለም ላይ ከ740 ሚሊዮን በላይ አዋቂዎች እንዳለባቸው፣ ከ120 ሚሊዮን በላይ ለሚሆኑት ደግሞ ከባድ ችግር እንደሆነባቸው ገምቷል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በዕድሜ፣ በኃይለኛ ድምፅ ወይም በመድኃኒት ምክንያት በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ፀጉር መሰል ሴሎች ሲጎዱ ነው። ስለዚህ ጩኸቱ እዚያው ጆሮ ውስጥ ያለ ይመስላል። ነገር ግን የመስማት ነርቫቸው በቀዶ ሕክምና ከተቆረጠ ሕሙማን መካከል ብዙዎቹን ጩኸቱ አልተዋቸውም። ገመዱ ተቆርጦም የሚጮህ ከሆነ፣ የሚጮኸው ከገመዱ ወዲያ ነው ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ቡፋሎ ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች መንጋጋቸውን ነክሰው የጩኸቱን መጠን ከፍና ዝቅ ማድረግ የሚችሉ አራት ሕሙማን አገኙ። ፔት ስካን በሚባለው መሣሪያ ውስጥ አስተኝተው መንጋጋቸውን እንዲነክሱ አደረጓቸው። ጩኸቱ በተለወጠ ቁጥር በአንጎል የመስሚያ ክፍል የደም ዝውውሩም ተለወጠ። የሚገርመው ለውጡ የታየው በአንድ ወገን ብቻ መሆኑ ነው። እውነተኛ ድምፅ በጆሮ ሲገባ ግን ሁለቱንም ወገን ያነቃል። በዚያው ዓመት የጀርመን ተመራማሪዎች የአንጎልን መግነጢሳዊ ምልክት ለክተው፣ ጩኸቱ ያለበትን ቃና የሚያስተናግደው ሥፍራ ከቦታው ሸርተት እንዳለ አሳዩ። ይበልጥ በተንሸራተተ መጠን የሕመምተኛው ስሞታም የበረታ ነበር። እግሩ የተቆረጠ ሰው የሌለው እግር እንደሚያመው ማለት ነው። ከጆሮ የሚመጣው መልእክት ሲቀንስ አንጎል በራሱ በኩል ድምፁን ይጨምራል፤ ጣቢያው የደከመ ሬዲዮ ድምፁ ሲጨመር ሹሹታው እንደሚጎላው።

እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ዋሽንግተን ከሚገኘው የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የወጣ የኤም.አር.አይ. ጥናት ለውጡ በመስሚያው ክፍል ብቻ ሳይሆን ስሜትን በሚመሩት የአንጎል ክፍሎች ጭምር እንዳለ አመለከተ። አንዱ ጩኸቱን ረስቶ ሲውል ሌላው ለምን እንቅልፍ እንደሚያጣ ለመረዳት ይህ መንገድ ይከፍታል።

እርግጥ ምስሎቹን ከሚገባቸው በላይ ማመን አያስፈልግም። የተጠኑት ሰዎች ጥቂት ናቸው፣ ውጤቶቹም ሁልጊዜ አይገጣጠሙም። ጩኸት ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ የመስማት ድክመትም ስላለበት አንዱን ከሌላው መለየት ከባድ ነው። ኤም.አር.አይ. ራሱ እጅግ ጯኺ መሣሪያ ነው፤ ስለ ድምፅ ለማጥናት እንዲህ ያለ ቦታ መግባት ያስቃል። አንድን ሰው አንስቶ «የአንተ ጩኸት ይህን ያህል ነው» የሚል ምስል እስካሁን የለም።

እኔ ከእነዚህ ጥናቶች የምወስደው ሌላ ነገር ነው። የታማሚውን ቃል «ይመስልሃል» ብሎ መመለስ ይብቃ። «ጂን ነው» ማለትም እንዲሁ። ወጥ የሆነ ጩኸት አንድ ነገር ነው፤ የሚናገር፣ የሚያዝ ድምፅ የሚሰማው ሰው ግን ሌላ ሕመም ሊሆን ስለሚችል የአእምሮ ሐኪም ይየው።

ጠብታውንም በተመለከተ እውነቱን እንነጋገር። ጠብታ የሚቆመው የጆሮ ታምቡር ላይ ነው። ተመርምሮ ኩክ ወይም ኢንፌክሽን ከተገኘ ይጠቅማል፤ ከዚያ ውጭ ገንዘብ ማባከን ነው። «ለጆሮ ጩኸት» እየተባሉ የሚሸጡትን የጊንኮ፣ የዚንክና የሜላቶኒን እንክብሎችም የአሜሪካ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ አይታዘዙ ብሏል። የራስ ምስል ምርመራም እንዲሁ፦ ጩኸቱ በአንድ ጆሮ ብቻ ካልሆነ፣ እንደ ልብ ትርታ ካልመታ፣ የሁለቱ ጆሮ መስማት ካልተለያየ ወይም ሌላ የነርቭ ምልክት ከሌለ አያስፈልግም ይላል። ተበድሮ ኤም.አር.አይ. ለመነሳት የሚሮጥ ሰው ይህን ቢያውቅ መልካም ነው።

ይልቅ የመድኃኒት ከረጢታችሁን ፈትሹ። ኪኒን፣ በብዛት የሚወሰድ አስፕሪን፣ ስትሬፕቶማይሲንና ጀንታማይሲን ጆሮ ያስጮሃሉ። በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ላዘዘላችሁ ሐኪም ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ንገሩ።

መስማት የደከመ ከሆነ የመስሚያ መሣሪያ ብዙዎችን ያግዛል። አስተሳሰብንና ልማድን የሚለውጥ የምክር ሕክምናም ጩኸቱን ባያጠፋው እንኳ ጭንቀቱን እንደሚቀንስ ታይቷል። ሌሊት ጸጥታው ራሱ ጠላት ስለሆነ ማራገቢያ ወይም ዝቅ ያለ ሬዲዮ መክፈት ይረዳል። ቁርኣን ይከፈት የሚሉኝ አሉ፤ እኔ ግን ሲቀራ ሊደመጥ የሚገባውን ለማስተኛ ድምፅ ማዋል ይከብደኛል።

ለእኚያ አባት ጠብታ አልሸጥኩላቸውም። የመስማት ምርመራ የሚደረግበትን ቦታ ጻፍኩላቸውና የቡፋሎዎቹን አራት ሕሙማን ታሪክ ለልጃቸው ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አለና «አባባ፣ አሁንም ይጮኻል?» ሲላቸው ሰማሁ።